ያለፈውን እርሳ የሚለው ምክር

ከምክር ሁሉ ለመስጠት የሚቀለው «ያለፈውን እርሳ» የሚለው ምክር ነው። መካሪው ከኪሱ ምንም አያወጣበትም፤ የተመከረው ሰው ግን አባቱን፤ አያቱን፤ የተወለደበትን ቀዬ፤ የራሱን ስም እንኳ ሳይቀር ይከፍልበታል። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ምክር ማንም ሽማግሌ፤ ማንም መምህር፤ ማንም ሹም ቢሰጥህ፤ አስቀድመህ «ብረሳው የሚጠቀመው ማን ነው?» ብለህ እንድትጠይቅ እለምንሃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው መካሪው ራሱ ሆኖ ታገኘዋለህ። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት ይህን አይተው ነው።

«ታዲያ ሰው ቂሙን ታቅፎ ይኑር ትላለህን?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። ቂምና ማስታወስ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ቢመስሉም ግብራቸው ለየቅል ነው። ቂመኛ የሚፈልገው የሚመታውን ጠላት ነው፤ የሚያስታውስ ሰው የሚፈልገው የሚነግረውን ልጅ ነው። ቂም ሲውል ሲያድር ባለቤቱን ያነቅዘዋል፤ ማስታወስ ግን በሚገባ ከተያዘ ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት ይተላለፋል። እኔ የምከላከልለት ይህን ሁለተኛውን ነው።

ነገሩን በባዶ ቃል እንዳላረዝመው አንድ ሕዝብ ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ፤ ይኸውም ቤተ እስራኤል የሚባለው፤ በኢትዮጵያ ተራሮች መካከል ኦሪትን ጠብቆ የኖረው የአይሁድ ወገን ነው። ይህን ሕዝብ የመረጥሁት ሩቅ ስላልሆነ ነው። በጎንደር፤ በስሜን፤ በወገራ፤ በደምቢያ፤ በወልቃይትና በትግራይ ጎረቤታችን ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል፤ ዛሬም በእስራኤል አገር ሆኖ ሽማግሌው የሚያወጋው በአማርኛና በትግርኛ ነው። የምጠቅሳቸውን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ይህ ሕዝብ ኦሪትን የሚያነበው በግዕዝ ነበር። ከሌላው ዓለም አይሁድ ተለይቶ ስለ ኖረ ረቢዎች የጻፉትን ተልሙድ አያውቅም፤ ሐኑካ የሚባለውንም በዓል አያከብርም ነበር። ሰንበትን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፤ ፋሲካን በቂጣ ያከብራል፤ የራሱ ቄሶች፤ እንዲያውም የራሱ መነኮሳት ነበሩት። ራሱን የሚጠራው ቤተ እስራኤል ወይም እስራኤል ብሎ ነው። ጎረቤቱ ግን ፈላሻ አለው፤ ይህም ፈለሰ ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን አገርና ርስት የሌለው እንደ ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ በጦር ካሸነፉት በኋላ፤ የተጠመቀው ርስቱን እንዲይዝ፤ ያልተጠመቀው ግን ርስት አልባ እንዲሆን አዋጅ እንዳወጁ በትውፊት ይነገራል።

ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፤ ሸማ ሠራ፤ ግንብ ገነባ፤ ሴቲቱ ሸክላ ሠራች። ገበሬው በእርሱ ማረሻና ማጭድ አርሶ አጨደ፤ ባልትና የምታውቀው እመቤት በእርስዋ ምጣድ ጋገረች፤ በእርስዋ ድስት ወጥ ሠራች። ታዲያ ወሮታው ምን ነበር? ቡዳ መባል ነበር! ቀን ማረሻውን ሲያሠራ የዋለው ገበሬ፤ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ፤ ማረሻውን የሠራለት ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ እንደሚዞር ለልጆቹ ያወራላቸው ነበር። ልጅ የታመመ እንደ ሆነ ባለ እጁ በላው ይባላል፤ ከብት የሞተ እንደ ሆነ ዓይኑ ነው ይባላል።

«እነርሱስ ይጸየፉን የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከሌላው ሰው ማዕድ አይበሉም፤ ሌላ ሰው ከነካቸውም ይታጠቡ ስለ ነበር «አትንኩኝ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ይህን አልደብቅም። ነገር ግን በሕጉ ምክንያት ራሱን ለይቶ የሚቀመጥ ሰውና፤ ጎረቤቱን ሰው አይደለም ብሎ የሚያሳድድ ሰው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የመጀመሪያው ማዕዱን ነፈገ፤ ሁለተኛው ሰውነትን ነፈገ።

እንግዲህ ርስት የሌለው፤ መንግሥት የሌለው፤ ማተሚያ ቤት የሌለው ይህ ሕዝብ ማንነቱን በምን ጠበቀው? ከ1888 እስከ 1892 በሆነው በክፉ ቀን ብዙ ወገኑ በረኃብ አልቆበት ሳለ እንኳ ያልጠፋው በምን ኃይል ነው? በማስታወስ ኃይል ነው እላለሁ። ማስታወሱም በአፍ ብቻ የሚነገር አልነበረም፤ እግር የሚያደክምና ሆድ የሚያስርብ ሥራ ነበር። ለዚህ ምስክሬ ስግድ የሚባለው በዓሉ ነው። ከአስተርዮ ጾም 50 ቀን ተቆጥሮ፤ ሕዝቡ ጾሞ፤ ታጥቦ፤ ነጭ ልብሱን ለብሶ፤ ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው ከፊት፤ እርሱ ከኋላ ሆኖ ተራራ ይወጣል። ራሱን ያዋረደ ሰው መሆኑን ለማሳየት ድንጋይ የሚሸከምም ነበር። በተራራው ራስ ላይ ሕጉ ይነበባል፤ ዕዝራና ነህምያ ከምርኮ የተመለሰውን ሕዝብ እንዴት ከሕጉ ጋር እንዳስታረቁት ይነበባል፤ ሕዝቡም ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይሰግዳል። ከዚያ በኋላ እየዘመረ ይወርድና ጾሙን ይፈታል። ኢየሩሳሌምን ያላየ፤ አባቱም ያላያት፤ አያቱም ያላያት ሰው በየዓመቱ ተራራ ወጥቶ ፊቱን ወደ እርስዋ ያዞር ነበር።

ይህን የማስታወስ ልማድ አጥብቆ ስለ ያዘም ነው መንገዱ በተከፈተ ጊዜ በእግሩ የተነሣው። በ1984 ገደማ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውንና ከብታቸውን ትተው፤ ሌሊት እየተጓዙ፤ ቀን በጫካ እየተደበቁ ወደ ሱዳን ወረዱ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ 8,000 ያህሉ የሙሴ ዘመቻ በተባለው ምሥጢራዊ ጉዞ በአውሮፕላን ተወሰዱ። በኋላም ግንቦት 1991 የሰሎሞን ዘመቻ በተባለው ጉዞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተሻገሩ። ዓለም የሚያወራው የአውሮፕላኑን ተአምር ነው። በሱዳን መንገድና በስደተኞች ሰፈር በጥማት፤ በበሽታና በሽፍታ እጅ የሞቱት ግን 4,000 ያህል ናቸው ተብሎ ይታመናል። እናት ልጅዋን በማታውቀው አሸዋ ቀብራ ያለ ለቅሶ መንገድዋን ቀጠለች፤ ጮኻ ብታለቅስ የተደበቁት ሁሉ ይያዙ ነበርና። ለእነዚህ ሙታን በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ የመታሰቢያ ሐውልት የቆመላቸው በ2007 ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ እመለሳለሁ። ይህን ሕዝብ «እርሳ» የሚሉት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱንም በየተራ እመልስላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው የቀድሞው ጎረቤት ነው። ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ቤተ እስራኤል ከሄዱባት በኋላ የቀሩት ጎረቤቶች ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ የታተመበትን የሸክላ ምስል እየሠሩ ለአገር ጎብኚ ሸጡባት። እንጀራ መፈለጋቸውን አልነቅፍም፤ ሸክላ መሥራት የተከበረ ሙያ ነው። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ጎብኚው «ሰዎቹ ወዴት ሄዱ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ «ወደ አገራቸው ሄዱ፤ በፍቅር ነበር የኖርነው» የሚል መልስ የሚሰጠውን አፍ እነቅፋለሁ። በፍቅር የኖረ ጎረቤት መኖሩን አውቃለሁ፤ በክፉ ቀን የደበቀ፤ እህል ያበደረ፤ ሬሳ ያወጣ ጎረቤት ነበር። ነገር ግን ቡዳ የሚለው ቃልም ነበር፤ ርስት መከልከልም ነበር። ይህን ቆርጦ ጥሎ ሸክላውን ብቻ የሚይዝ ሰው፤ የሟችን ልብስ ለብሶ ሟቹን አላውቅም እንደሚል ሰው ነው። ባለ እጅን በቡዳነት የማማቱ ነገር ዛሬም በየቦታው ጨርሶ አልጠፋም። ያልተነገረ ጥፋት ይደገማል፤ ፈላሻው ቢሄድ ሌላ ባለ እጅ ተፈልጎ ይሰደባል።

ሁለተኛው የተቀበለው ወገን ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ተቀባዩ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ የማስታወስን ዋጋ አብልጦ የሚያውቀው ሕዝብ ነው። ናዚዎች ለገደሏቸው 6 ሚሊዮን አይሁድ መታሰቢያ እንዲሆን ያድ ቫሼም የሚባለውን ቤት በ1953 በሕግ ያቋቋመ አገር ነው። ታዲያ በዚህ አገር፤ ከኢትዮጵያ የደረሰውን ሕፃን ጸሐፊው ወይም መምህሩ ገና በመጀመሪያው ሰሞን አዲስ የዕብራይስጥ ስም ይሰጠው ነበር። በኢትዮጵያ ልማድ ስም እንዲያው የተጣለ ድምፅ አይደለም፤ እናት በወለደች ጊዜ የደረሰባትን ኀዘን ወይም ያገኘችውን ደስታ የምትጽፍበት ደብዳቤ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የምንለውም ስለዚህ ነው። ያን ስም በአንድ ቀን መዝገብ ላይ ሰርዞ ሌላ መስጠት፤ በቅን ልብ ቢደረግም፤ የእናትን ደብዳቤ ሳያነቡ መቅደድ ነው።

በዚህም አላበቃም። ታላቁ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ይህ ሕዝብ አይሁዳዊ መሆኑን መስክረው ሳለ፤ በ1975ም የእስራኤል መንግሥት የመመለስ መብቱን አውቆለት ሳለ፤ የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ለጋብቻ የመጡትን እንደ ጥርጥር ሰዎች ቆጥሮ በውኃ ጥምቀት እንዲነጹ ጠየቀ። ስለ ኦሪት ብለው ርስታቸውን ያጡ ሰዎች አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል ተባሉ! ስለዚህም በ1985 በኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው አቤት አሉ። በተራራ ላይ ኦሪቱን ይሸከሙ የነበሩት ቄሶችም የገዛ ልጆቻቸውን ጋብቻ የመፈጸም ሥልጣን ተነፈጉ። በ1996 ደግሞ ለወገኖቻቸው ብለው የለገሱት ደም፤ በሽታ ይኖርበታል በሚል ፍርሃት በምሥጢር ሲጣል መኖሩ ተገለጠ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው ቁጣቸውን አሰሙ። በአንዱ አገር ዓይኑ ይበላል የተባለ ሰው በሌላው አገር ደሙ ይበክላል ተባለ። አንባቢ ሆይ፤ እስኪ ሁለቱን ቃላት አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ ተመልከታቸው!

ይህ ሁለተኛው መካሪ የሚያቀርበው ምክንያት አለው። «ከሰባ አገር የተሰበሰበ ሕዝብ አንድ የሚሆነው ሁሉም የመጣበትን ሲረሳ ነው» ይላል። ምክንያቱ ቀላል አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። መልሴም ይህ ነው፤ ሰው ወደ አንድ ቤት ሲገባ ጫማውን በደጅ ሊያወልቅ ይችላል፤ እግሩን ግን ቆርጦ አይገባም። ደግሞስ አንድነት በመርሳት የሚገኝ ቢሆን ኖሮ አይሁድ ራሳቸው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በጠፉ ነበር። በየአገሩ ሲበተኑ «እርሱ፤ እንደ እኛ ሁኑ» ተብለዋል፤ እምቢ በማለታቸው ዛሬ አሉ። እምቢታው ለአባቶቻቸው ጽድቅ ከሆነ ለወንድማቸው ስለ ምን ኃጢአት ይሆናል?

አንዳንዶችም «ስግድ ወደ ኢየሩሳሌም የሚናፍቅ ሰው በዓል ነበር፤ አሁን ከደረሳችሁ ምን ያደርግላችኋል?» ብለው ነበር። ሕዝቡ ግን አልተወውም። ዛሬ በኢየሩሳሌም ከተማይቱን ቁልቁል በሚያሳየው ኮረብታ ላይ ቄሶቹ ባለ ጌጥ ጃንጥላቸውን ይዘው ይጸልያሉ፤ በ2008ም የአገሪቱ ምክር ቤት ስግድ የእስራኤል ሁሉ በዓል እንዲሆን በሕግ ደነገገ። በዚህ አገሪቱ ምን ጎደለባት? ምንም አልጎደለባትም፤ አንድ በዓል ጨመረች እንጂ። የደረሰ ሰው ናፍቆቱን ከረሳ የደረሰበትን ቦታ ዋጋ አያውቅም።

ሦስተኛው መካሪ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው፤ እርሱም የገዛ ልጃቸው ነው። አባቱ በአውቶቡስ ውስጥ በአማርኛ ሲያናግረው ያፍራል፤ እናቱ ቀሚስዋን ለብሳ ወደ ተማሪ ቤቱ ስትመጣ ዞር ይላል። ሙሉ ጥፋቱን በልጁ ላይ አልጭንም፤ ማፈርን ያስተማሩት ሌሎች ናቸው። ነገር ግን ያስተማሩህን ሁሉ መቀበል ግዴታህ አይደለም። ደግሞ ሌላ ዓይነት ልጅ አለ፤ በአንገቱ ኮከብ አንጠልጥሎ፤ ስለ ንግሥተ ሳባና ስለ ንጉሥ ሰሎሞን ሲፎክር የሚውል፤ የአያቱን መንደር ስም ብትጠይቀው ግን የማያውቅ። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በነገሠ ንጉሥ መኩራት ቀላል ነው፤ አጠገብህ ተቀምጣ ጉልበትዋን የምታሽ አሮጊት በየትኛው በረሃ እንዳለፈች መጠየቅ ግን ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። ፉከራ ማስታወስ አይደለም፤ ስንፍና በጌጥ ተሸፍኖ ነው።

ማስታወስ ሥራ ለመሆኑ ከአውሮጳ አንድ ምስክር ልጥራ። ጀርመኖች በ1940 በዋርሶ ከተማ ከ400,000 በላይ አይሁድ በግንብ አጥረው በረኃብ ሲፈጁአቸው፤ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም የተባለ የታሪክ መምህር ጓደኞቹን ሰብስቦ በምሥጢር መጻፍ ጀመረ። የሚያልፉበትን ኑሮ መዘገቡ፤ የተማሪዎችን ጽሑፍ፤ የዳቦ መውሰጃ ካርድ፤ የባቡር ቲኬት፤ የከረሜላ ወረቀት እንኳ ሳይቀር ሰበሰቡ። ሞት እንደማይቀርላቸው ባወቁ ጊዜ ሁሉንም በቆርቆሮ ሣጥንና በወተት ማጓጓዣ ዕቃ ከተው ከመሬት በታች ቀበሩት። ሪንገልብሉም በ1944 ተገደለ፤ ሣጥኖቹ ግን በ1946፤ የወተቱም ዕቃዎች በ1950 ከፍርስራሽ ውስጥ ተቆፍረው ወጡ። ዛሬ ገዳዮቹ ያሉት ብቻ ሳይሆን የተገደሉት ያሉትም የሚሰማው ስለዚህ ነው። እነዚያ ሰዎች የሚበሉት ሳይኖራቸው ጽፈዋል፤ አንተ ጠግበህ፤ እስክሪብቶና ስልክ በኪስህ ይዘህ፤ ጊዜ የለኝም ልትል ነውን?

ስለዚህ የምለውን በግልጽ እላለሁ። በ1984 የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ወደ ሱዳን የተጓዘ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት አልፎታል። ኦሪቱን በግዕዝ በቃሉ የሚያውቀው ቄስ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ፤ በየትኛው ወንዝ ዳር ማን እንደ ተቀበረ የሚያውቅ አይቀርም። በእስራኤል አገር የምትኖር ወጣት ሆይ፤ ዛሬ ማታ ወደ አያትህ ቤት ሂድ። የመንደርዋን ስም፤ የወንዙን ስም፤ በመንገድ የቀሩትን ሰዎች ስም ጠይቃትና ጻፍ። አማርኛህ ቢሰባበርም አትፈር፤ የተሰበረ ቃል ከዝምታ ይሻላል። በጎንደርና በሌላውም አገር የምትኖር ወጣት ሆይ፤ አንተም ሥራ አለብህ። ሽማግሌዎችህ ስለ ባለ እጁ ጎረቤታቸው ምን ይሉ እንደ ነበረ ጠይቃቸው፤ ደጉንም ክፉውንም ሳትመርጥ ጻፈው፤ ቡዳ የሚለውንም ስድብ ከቤትህ አውጣው። የአባት ዕዳ ለልጅ ይተርፋል፤ ዕዳውን የሚቀንሰው ግን አምኖ የተቀበለው ልጅ ነው።

ሁለታችሁ የጻፋችሁት አንድ ቀን አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጥ ይሆናል፤ የባለ ማረሻውና የቀጥቃጩ ልጆችም ያን ጊዜ ሳይዋሹ ሊነጋገሩ ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ «ያለፈውን እርሳ» የሚል መካሪ ቢመጣባችሁ፤ በትሕትና አስቀምጡትና «አባታችን፤ አስቀድመው እስኪ ምን እንዳለፈ ይንገሩን» በሉት።